በድምፅ ብልጫ የጸደቀው የመረብ ኳስ ሕግ

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ናዝሬት የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልጠፋው ስለተሸነፍን አይደለም፤ ስላሸነፍን ነው።

የሴቶች መረብ ኳስ ቡድናችን አምበል ነበርኩ። ከአሰላ ከመጡ የማሠልጠኛ ልጆች ጋር ለዋንጫ ደረስን። ያሸነፈ አዲስ አበባ ሄዶ ይወዳደራል። እኔ ደግሞ ናዝሬት ተወልጄ አድጌ ከሞጆ ወዲያ አልፌ አላውቅም። አዲስ አበባን ለማየት የማልሆነው አልነበረም።

ያኔ ስለ መረብ ኳስ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የሚያውቀው ግን የየራሱን ነበር። መስመር የነካ ኳስ ውጪ ነው ብሎ የሚምል ሞልቷል። ከሁሉ የባሰው የብሎክ ነገር ነው። በሕጉ መረቡ ላይ ዘላ ኳስ ያገደች ልጅ ንክኪዋ አይቆጠርም፤ ቡድኗ ገና ሦስት ይቀረዋል፣ እሷም ራሷ ደግማ መንካት ትችላለች። ዳኛችን መምህር በዳሳ ይህንን ለሁለቱም ቡድን ከወር በፊት በኮርስ አስተምረውናል። ጥያቄውን ሲጠይቁ የመለስኩትም እኔ ነኝ። አጠገቤ የነበረችው የአሰላዋ አምበል መዲና አጨበጨበችልኝ።

የክብር እንግዳው የከተማው ካድሬ ጓድ ሲሳይ ነበር። ካኪውን ለብሶ፣ ከቢሮ በመጣለት ባለመደገፊያ ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ስለ ጎመን ተከላም፣ ስለ ወባም፣ ስለ ትዳርም ንግግር የሚያደርግ ሰው መረብ ኳስ እንዴት ያቅተዋል?

አምስተኛው ጌም ላይ አሥራ አራት ለአሥራ ሦስት እየመራን ሰርቩ የእኛ ነበር። አንዲት ነጥብ ቀርታናለች። ኳሱ ተመላልሶ ወደ እኔ ሲመጣ ዘልዬ መታሁ። መዲና አገደችው። ኳሱ በእነሱው በኩል ሲወርድ እሷው አነሳችው፣ ጓደኛዋ አመቻቸች፣ ሌላዋ መታችውና እኛ ሜዳ ላይ ወደቀ። መምህር በዳሳ ፊሽካቸውን ነፍተው ሰርቩን ለአሰላ ሰጡ፤ ያኔ ነጥብ የሚያገኘው ሰርቭ ያደረገው ቡድን ብቻ ነበር።

"ይቁም!" አለ ጓድ ሲሳይ ከወንበሩ ተነስቶ። "አራት ጊዜ ነው የነኩት! ቆጥሬያለሁ!"

"ጓድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የመጀመሪያው ብሎክ ነው። አይቆጠርም" አሉ መምህሩ።

"እጇን ነክቷል አልነካም?"

"ነክቷል።"

"በቃ! የነካ ነክቷል። ለመሆኑ ይህን ሕግ ማን ነው ያወጣው?"

"ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ነው።"

"የት ነው ያለው?"

"አውሮፓ።"

ጓድ ሲሳይ ወደ ሕዝቡ ዞረና ሳቀ። "ሰማችሁ ጓዶች? አውሮፓ ቁጭ ብለው ለእኛ ይቆጥሩልናል! ሰፊው ሕዝብ ራሱ ይወስን። ብሎክ ይቆጠራል የምትሉ እጅ አውጡ!"

ንጉሡ ከወረዱ ቆይተዋል፤ "ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ" የሚለው ተረት ግን አብሮ አልወረደም። የእጅ ጫካ ሆነ። ለውዝ የሚያዞረው ሰውዬ እንኳ ቅርጫቱን አስቀምጦ ሁለቱንም እጁን አወጣ። የሚቃወም ሲባል የአሰላ ልጆች ብቻ አወጡ። ድምፀ ተአቅቦ ሲባል ፊሽካቸውን አፋቸው ላይ እንደያዙ መምህር በዳሳ አወጡ፤ በራሳቸው ዳኝነት ላይ! አሥራ አምስት ለአሥራ ሦስት አሸነፍን ተባለ።

ስንጨባበጥ መዲና እጄን ያዝ አደረገችኝ።

"ሕጉ ጠፍቶሽ ነው እንዴ?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"አልጠፋኝም።"

"እሺ። እሱን ለማወቅ ነው" ብላ ሄደች።

ጓድ ሲሳይ የቡድን መሪያችን ሆነና እስክንሄድ ድረስ "በጸደቀው ሕግ" አሠለጠነን። እጃችን ለመደው። አዲስ አበባ በመጀመሪያው ጨዋታ ኳስ ባገድን ቁጥር ንክኪ እንዳያልቅብን እየተጣደፍን ወደ ማዶ እንገፋለን። እነሱ አግደው ሦስት ጊዜ ሲነኩ ደግሞ መጫወቱን ትተን "አራት!" እያልን ቆመን እንጮሃለን። ተመልካቹ በሳቅ ሞተ። በሦስት ጌም ተጠቃልለን ስድስት ነጥብ እንኳ አልሞላንም።

ጓድ ሲሳይ አንድ ጊዜ ሊቃወም ብድግ አለ። ሁለት ወንበር አለፍ ብሎ ከእሱ የሚበልጥ ባለሥልጣን መኖሩን ሲያይ ሱሪውን አስተካክሎ ተቀመጠ። የዚያን ቀን ሰፊው ሕዝብ አልተጠየቀም። አዲስ አበባንም ያየሁት በአውቶቡስ መስኮት ነው፤ በማግስቱ በጠዋት ጭነው መለሱን።

ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ይህን ለልጆቼም ለጓደኞቼም ስንቴ አውርቼዋለሁ፤ በጓድ ሲሳይ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ግን እሱ እኮ ሕጉን አያውቅም ነበር፤ የቆጠረውን እውነት መስሎት ነው። ሳወራው ሁልጊዜ "ሕዝቡ እጁን አወጣ" እያልኩ አልፈዋለሁ። ከሕዝቡ ቀድሞ የወጣው የእኔ እጅ ነበር።