ስክሪኑ በጠቆረበት ሰሞን

ከአገር የወጣሁበት ምሽት ዝናብ ነበር፤ ያ የመሳለሚያን ቆርቆሮ ሁሉ እንደ ከበሮ የሚደበድበው የሐምሌ ዝናብ። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ጎረቤቱ በሙሉ ሳሎናችን ውስጥ ተጠቅጥቆ ይመርቀኛል፣ እናቴ በሶውን የት እንደምትወሽቀው ጨንቋት ሻንጣዬን ደጋግማ ትከፍታለች፣ አባቴ ደግሞ ከሱቁ ያመጣትን ትንሽ ካቻቪቴ በጋዜጣ ጠቅልሎ "ያዣት፣ የሰው አገር መሣሪያ አያውስም" አለና የእጅ ቦርሳዬ ውስጥ ከተታት። አየር ማረፊያ ፈታሹ አገኛት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ካቻቪቴ።"

"አውሮፕላኑን ልትፈቺው ነው?"

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ለቅሶዬ። ሰውዬው ደንግጦ "በቃ እኅቴ፣ ግቢ፣ አታልቅሺ" አለኝ። ካቻቪቴዋን ግን አልመለሰልኝም።

አባቴ ሸምሱ መርካቶ ውስጥ ብሎን፣ ማጠፊያና ፒንሳ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። እኔ መሳለሚያ አጠገብ አንድ የኮምፒዩተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራ ነበር። ቶሪኖ የምትኖር ዘመዳችን፣ አሮጊት የምትንከባከብ ሰው ተፈልጋ ቪዛውን ስታስጨርስልኝ ነው እንግዲህ ጣሊያን የገባሁት። በበረሃም በባሕርም አላለፍኩም፣ አልሐምዱሊላህ። የኔ ባሕር የመንግሥት ቢሮ ወንበር ነበር።

ሶጆርኖ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ለማውጣት የሄድኩ ቀን የመስኮቱ ሰውዬ እንዲህ ጠየቀኝ።

"ስም?"

"ሙኒራ።"

"የቤተሰብ ስም?"

"ሸምሱ።"

"የባልሽ ነው?"

"የአባቴ ነው።"

"የአባትሽስ የቤተሰብ ስም?"

"ከድር። አያቴ።"

"ታዲያ አንቺ ለምን ከድር አልሆንሽም?"

"እኔ የከድር ልጅ አይደለሁማ!"

መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። "እናንተ ቤት ስም አንዴ ብቻ ነው እንዴ የሚለበሰው?" አለና የፈለገውን ጻፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቢሮው፣ ወይዘሮ ለማለት፣ "ሲኞራ ሸምሱ!" እየተባልኩ እጠራለሁ። እኛ ሰፈር አባቱን በስሙ የሚጠራ ልጅ ባለጌ ነው። እዚህ አገር ግን ሰው በአባቴ ስም ሲጠራኝ "አቤት!" እያልኩ እነሳለሁ፤ መጀመሪያ ያሳፍረኝ ነበር፣ ኋላ ግን እወደው ጀመር።

ብርዱን አልነግራችሁም። የኛ ብርድ ጠዋት ይመጣና ፀሐይ ስትወጣ አፍሮ ይሄዳል፣ የቶሪኖ ብርድ ግን ተከራይ ነው፣ ገብቶ ይቀመጣል። ምግባቸውም አንድ ፖሌንታ የሚሉት አለ፣ ገንፎ ነው እኮ! መሐሉ ግን ቅቤም በርበሬም የለበትም፣ እንዲሁ ባዶውን ያፈጥብሃል። ደግሞ ዝምታቸው። እኔ ከራጉኤል ቅዳሴና ከመስጊዱ አዛን ጋር፣ ከተሸካሚው "ዞር በል!" ጋር፣ ከብረት ቀጥቃጩ ጋር የነቃሁ ልጅ፣ እዚህ ደረጃ ላይ ጫማዬ ሲጮህ የቤት አከራዬ በር ከፍቶ ይወጣል።

"ሲኞራ ሸምሱ፣ ትላንት ምን ተቃጠለ?"

"ምንም። ሽንኩርት እያቁላላሁ ነበር።"

"ለምን ያህል ጊዜ?"

"እስኪበስል።"

"ሽንኩርት እኮ ጥሬውንም ይበላል!"

የሚያጽናናኝ ቋንቋው ብቻ ነበር። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ እነዚህን ሁሉ አባቴ ሱቅ ውስጥ በአማርኛነት ነበር የማውቃቸው። አንድ መሣሪያ ቤት ገብቼ ስሰማቸው ዘመዶቼ የመጡ መሰለኝ።

እናንተ አሁን ስልካችሁን ከኪሳችሁ አውጥታችሁ ፊት ለፊት የምትተያዩ፣ ያን ጊዜ እንዲህ አልነበረም። አባቴ እኔን ለማየት ብሎ ከዚያው ከመርካቶ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ከነትልቁ ስክሪኑ ገዛ፣ ካሜራ አስገጠመ፣ ኢንተርኔት አስገባ። እናቴ ዳንቴል አለበሰችው። እሁድ እሁድ አባቴ ኮቱን ለብሶ፣ እንደ ፎቶ ቤት ደንበኛ ቀጥ ብሎ ይቀመጥና እስከ ማዶ የሚሰማ እየመሰለው ይጮሃል። ምስሉ እየቆመ እየሄደ፣ አንዳንዴ አፉ ተከፍቶ ይቀርና ድምፁ ለብቻው ይመጣል። ሱቅ ማን እንደገባ፣ ማን እንደዳረ፣ ዝናቡ የቱን ቱቦ እንደደፈነ ይነግረኛል። እኔም ገበያ መሐል የተቀመጥኩ ያህል ደስ ይለኛል።

ከዚያ ታመመ። ሱቁ ውስጥ ዕቃ ሊያወርድ እጁን ሲዘረጋ ወደቀ። ቀኝ ጎኑ ደከመ፣ ንግግሩ ጠፋ። ሰው ይሰማል፣ ሁሉንም ያውቃል፣ ቃል ግን አይወጣለትም። ያ በሱቁ በር የሚያልፈውን ሁሉ ሲተርብ የሚውል ሰው! ስደውል ስልኩን ጆሮው ላይ ያደርጉለታል፣ እኔ የምሰማው ትንፋሹን ብቻ ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ጨዋታ መሆኑ ቀረ። በስክሪኑ ግን ግራ እጁን ያነሳል፣ ቅንድቡን ይሰቅላል፣ ሻሼ ሲጣመም "አስተካክይው" ይለኛል በምልክት። እናወራ ነበር።

አንድ እሁድ ጠበቅኳቸው፣ አልመጡም። ስደውል እናቴ "ስክሪኑ ጠቁሯል ልጄ፣ አልበራ አለ" አለችኝ።

"ውሰጂው ለጠጋኝ።"

"እንዴት አድርጌ? ሊያወጡት የመጡትን ልጆች አባትሽ ጠረጴዛውን በግራ እጁ ጨብጦ አላስነካ አለ። በቃ ስልኩ ይበቃናል፣ ደህና ነው እሱ።"

የሚቀጥለው እሁድም "ስልኩ ይበቃል።" የሚቀጥለውም። "በልቷል፣ ተኝቷል፣ ደህና ነው።" እኔ ደግሞ ሶጆርኖዬ ለእድሳት ገብቶ ነበር። ቢሮ ሄጄ አባቴ ታሟል፣ ልሂድ ብላቸው የመስኮቷ ሴትዮ "መውጣት ትችያለሽ፣ ስለ መመለስ ግን እኔን አትጠይቂኝ" አለችኝ። ከሄድኩ ሥራዬም ኑሮዬም እዚሁ ይቀራል ማለት ነው።

አንድ እሁድ ጠዋት ቆርጬ ተነሳሁ። "እማዬ፣ ዛሬ አንቺው ትሠሪዋለሽ" አልኳት።

"እኔ? አላህ ያሳይሽ! ብሎን ሸጬ አላውቅ!"

"ስልኩን ላውድ ስፒከር ላይ አድርጊውና ከአባዬ አጠገብ አስቀምጪው። አሁን ኮምፒዩተሩን አብሪው። ምን ይታይሻል?"

"ጥቁር። የራሴን ፊት ያሳየኛል።"

"ስክሪኑ ሥር መብራት አለ?"

"አለ፣ ብርቱካን የመሰለች። ብልጭ ድርግም ትላለች።"

ስክሪኑ ጤነኛ ነው፣ የሚያሳየው ነገር ነው ያጣው። ገመዱን ከኋላ አጥብቂው አልኳት፣ አጠበቀች፣ ያው። "ሳጥኑስ ድምፅ አለው?"

"ማራገቢያው ይዞራል። ደግሞ ይጮሃል፣ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ እንደሚለው፣ ጢጥ፣ ጢጥ።"

"እማዬ! ይሄን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም!"

"አልጠየቅሽኝማ።"

እዚያ መሳለሚያው ፎቶ ኮፒ ቤት ሳለሁ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያጋጥመን ነበር፤ ሜሞሪ የሚባለውን የውስጡን ቀጭን ሰሌዳ አቧራና እርጥበት ይይዘውና ማሽኑ ይጮሃል፣ ስክሪኑም ይጠቁራል። መድኃኒቱ በተማሪ ላጲስ መፈተግ ነው። እናቴ ከጎረቤታችን ከእትዬ አስካለ ላጲስ ተበድራ መጣች። ገመዱን ከሶኬት አስነቀልኳት። "አሁን የጎኑን ሽፋን በካቻቪቴ ፍቺው፣ ከኋላ ብሎኖች አሉት።"

ኮሽታ ሰማሁ። ቀጥሎ የእናቴን ጩኸት።

"ምን ሆንሽ?"

"ነጠቀኝ! አባትሽ ካቻቪቴውን ነጠቀኝ!"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫን አደረግኩት። የብረት ድምፅ በስልኩ ይመጣል፣ ቀስ ብሎ፣ ቆም እያለ። በግራ እጁ ነበር የሚፈታው። እናቴ ሳጥኑን ትይዝለታለች። ብሎን መሬት ላይ ሲወድቅ ሰማሁት።

"አባዬ፣ ትሰማኛለህ?" አልኩ። "ከሰማኸኝ ሳጥኑን አንዴ ምታው። አይ ለማለት ሁለቴ።"

ጓ።

ብታዩኝ እኮ! ከኩሽናዬ ወንበር ተነስቼ ቆምኩ። ከወደቀ ወዲህ በስልክ ሲመልስልኝ የመጀመሪያው ነበር።

"ረጅም፣ ቀጭን ሰሌዳ ይታይሃል? ዳርና ዳሩ መቆንጠጫ ያለው?"

ጓ።

"መቆንጠጫውን ወደ ውጭ ግፋው። ወጣ?"

ጓ፣ ጓ።

"አልወጣም? እማዬ፣ አንደኛውን ጫፍ አንቺ ግፊ፣ ሌላውን እሱ።"

"ቆይ፣ ቆይ አንተ ሰውዬ፣ እጄን አትጫነው!" ስትለው ሰማሁ፣ ከዚያም ሳቀች። እናቴ ስትስቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነበር። ሰሌዳው ወጣ። ወርቃማ ጥርሶቹን እሷ በላጲስ ፈተገች፣ እሱ ይዞላት። መልሰው ሲጫኑት "ቀጭ" አለ፣ እስከ ቶሪኖ ተሰማኝ። ሶኬቱን ሰካች፣ አበራችው።

ጩኸት የለም። ዝም አለ።

"ሙኒራ" አለች እናቴ፣ "ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ።"

ኢንተርኔቱ እስኪገባ ጥፍሬን በላሁ። በመጨረሻ ሳሎናችን ብቅ አለ፣ መጋረጃው፣ ፍራሹ። ከዚያ አባቴ።

አላወቅኩትም። ኮቱ ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም፣ ትከሻው ብቻ ነው የቀረው። አንገቱ ከሸሚዙ ኮሌታ ራቅ ብሎ እንደ ሌላ ሰው አንገት ቆሟል። ጉንጩ ጠልቋል። ዓይኑ ግን ያው የራሱ ዓይን ነው፣ ይስቅብኛል።

"እማዬ" አልኩ። "ደህና ነው አልነበር ያልሽኝ?"

እናቴ ከጀርባው ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። "ለዚህ ነበር እኮ ስልኩ ይበቃል ያልኩሽ" አለች። "እዚያ ብቻሽን ሆነሽ ይሄን አይተሽ ምን ልትሆኚ?"

ልቆጣት አፌን ስከፍት አባቴ ግራ እጁን አንስቶ ወደ ራሱ ጠቆመ፣ ወደ ሻሼ ማለቱ ነው፣ ተጣሟል። አስተካከልኩት። ቅንድቡን ሰቀለ።

"አባዬ" አልኩት፣ "ልምጣ?"

ጠረጴዛውን መታ። ጓ፣ ጓ።

"የነሱን ወረቀት ተወው። ሥራውንም ተወው። እውነቱን ንገረኝ፣ ልምጣልህ?"

አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ እጁ ከፍ ሲል ምስሉ ቆመ። እጁ አየር ላይ፣ አፉ ገርበብ ብሎ ቀረ። ድምፁ ብቻ መጣ።

ጓ።

ሁለተኛውን ጠበቅኩ። ጆሮዬን ከራሴ ላፕቶፕ አጠገብ አድርጌ ጠበቅኩ። መስመሩ ተቋረጠ።

ስልኩን አንስቼ ደወልኩ። "መብራት ጠፋ ልጄ" አለች እናቴ፣ "ሰፈሩ በሙሉ።"

"እማዬ፣ ስንት ጊዜ መታ? መጨረሻ ላይ፣ አንዴ ነው ሁለቴ?"

ከበስተጀርባዋ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲጀምር ይሰማኛል።

"አላየሁም" አለችኝ። "ፊቴን አዙሬ ነበር።"

"ጠይቂዋ፣ አጠገብሽ አይደል?"

"አንቺው ጠይቂው" አለችና ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገችለት።