የቢሶ መኒኬ የመጨረሻ አውራ ዶሮ

እህቴ ቢሶ መኒኬ ስትሞት የሥራ ጠረጴዛዋ ላይ አንድ የሰም አውራ ዶሮ ነበር። ገና ወደ ነሐስ አልተለወጠም።

ከካንዲ ከተማ ወረድ ብሎ ባለው በእኛ መንደር የዘይት መቅረዝ አናቱ ላይ አውራ ዶሮ ይቆማል። ለቡድሂስት ቤተ መቅደስ የሚገዛውም፣ ለሳሎኑ ጌጥ የሚገዛውም ያንኑ ይፈልጋል። የሰሙን ቅርጽ በጭቃ ሸፍኖ፣ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ በቦታው ነሐስ የሚያፈሰው ባሏ ፑንቺራላ ነው፤ ዶሮውን ከሰም የምታበጀው ግን እሷ ነበረች። የሷ ዶሮ ከኋላው ሰው የጠራው ይመስል አንገቱን መለስ ያደርጋል።

ፑንቺራላ አንዴ ራሱ ሞክሮ ነበር። ቢሶ አየችና፣ "ይቺስ እንቁላል ልትጥል ነው፣ አታስደንግጣት" አለችው። ሁለተኛ አልሞከረም።

በዝናቡ ወራት ልብስ እያጠበች ጉድጓዱ አጠገብ ወደቀች። ልቧ ነው አሉን።

ከቀብሯ በኋላ ፑንቺራላ የሰሙን ዶሮ ሙቀት እንዳያገኘው ውሃ በሞላ ገንቦ ውስጥ አስቀመጠው። ጠዋት ጠዋት ውሃውን ይቀይርለታል። ሙት ዓመቷ ሲቃረብ ልጃቸው ማልካንቲ ነገሩን አነሳች።

"አባዬ፣ አፍስሰው በቃ። መነኮሳቱን ስናበላ በእማዬ ዶሮ ይብራላት።"

"ጭቃው እሳት ሲገባ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል እኮ ልጄ። ነሐሱ እንቢ ካለ ምን ይቀረናል?"

"አሁንስ ምን አለን? ዶሮውን ዳክዬ አደረግከው።"

ሳቀ። ቢሶ ከሞተች ወዲህ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያው ነበር። እሺ ግን አላለም።

እሺ ያሰኘው በጋው ነው። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ፑንቺራላ፣ "ወንድሜ፣ ናማ እየው" ብሎ ጠራኝ። የገንቦው ውሃ ለብ ብሏል። የዶሮው አንገት ዘንበል ብሎ ምንቃሩ ደረቱን ሊነካ ደርሷል። ፑንቺራላ ሊያቀናው እጁን ዘረጋና መለሰው።

"ከነካሁት የኔ ሥራ ይሆናል" አለ። "ሳይብስበት ጭቃ ላልብሰው።"

የላመ ጭቃ ከላም እበት ጋር ለውሶ በጣቱ ጫፍ ቀባው፤ እስኪደርቅ ጠብቆ ደግሞ ቀባው። ዓይኑ ጋ ሲደርስ ቆየ። እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ።

የእሳቱ ቀን ሰሙ በቀዳዳው ተንጠባጥቦ አለቀ። ነሐሱን፣ እኔ የማቅለጫውን ዕቃ ደግፌለት፣ አፈሰሰው። ሲቀዘቅዝ ጭቃውን በትንሽ መዶሻ ከጅራቱ በኩል መፈልፈል ጀመረ። ጅራቱ ወጣ፣ ክንፉ ወጣ፣ ላባው አንድ በአንድ ይታያል። ማልካንቲ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። አንገቱ ጋ ሲደርስ ጭቃው ባዶውን ፈረሰ። አየር ታፍኖ ነሐሱን አላሳለፈውም። የዶሮው ራስ የለም።

ማልካንቲ፣ "ራሱን ብቻ ሠርተህ ብትቀጥለውስ?" አለችው። ፑንቺራላ አይሆንም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። የተበላሸ ሥራ ተመልሶ መቅለጥ አለበት፤ ደንቡ ይህ ነው። እሱ ግን ይዞት ገባ።

በሙት ዓመቷ ዕለት የቤቱ መቅረዝ በር ላይ ቆመ፤ ራስ የሌለው ዶሮ እንዳለ አናቱ ላይ ነው። አበባ ይዘው የመጡ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን አዩትና፣ "ምነው ፑንቺራላ፣ የዶሮህን ራስ ድመት በላው?" አሉ።

"ቢሶስ ሠርታ ጨርሳው ነበር፣ እናቴ" አላቸው። "እኔ ነኝ ያበላሸሁት።"

አሮጊቷ አበባቸውን አስቀምጠው ክንዱን ያዝ አደረጉት። እሱም የኮኮናቱን ዘይት ሞላ፣ ክሮቹን ለኮሰ፤ መነኮሳቱ ሲመጡ እግራቸውን ሊያጥብ ሄደ።

አሁን የሚሠራቸው መቅረዞች አናታቸው ላይ የሎተስ አበባ እምቡጥ ነው ያላቸው። ዶሮ የሚፈልገውን ሰው ወደ ጎረቤት አንጥረኛ ይልከዋል። የቤቱን መቅረዝ ማልካንቲ በሎሚና በአመድ ታሻዋለች፤ አናቱ ላይ ያለውን ዶሮ ግን አይሰጣትም፤ እሱን ራሱ ነው የሚያሻው።