የባልደረባዬ አንቲቦዲ

እንጅባራ በምንሠራበት ላቦራቶሪ፣ ከስብ የሚመነጨውን ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን በደም ውስጥ የሚለይ አንቲቦዲ የተባለ የምርመራ ፕሮቲን ለባልደረባዬ ለጥናቷ ከውጭ አገር ተላከላት። ለዚያ ጥናት እኔም አመልክቼ ነበር፤ የተመረጠችው ግን እሷ ናት። አንቲቦዲው ያለበትን ትንሽ ብልቃጥ ፍሪጅ ውስጥ ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ቅጥል ይል ነበር።

አንድ ቅዳሜ እሷ ዳንግላ ለቅሶ ሄዳ ሳለ መብራት ጠፋ። ፍሪጁ መሞቅ ጀመረ፤ አንቲቦዲው ደግሞ ከሞቀ ይበላሻል። ዝም ብል ማንም አይወቅሰኝም። ወንበሬ ላይ ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ ብልቃጡን ከበረዶ ጋር ሳጥን ውስጥ ከትቼ፣ ጄኔሬተር ወዳለው ጤና ጣቢያ በባጃጅ ወሰድሁት።

ሰኞ ስነግራት አቅፋኝ አለቀሰች። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለችኝ።

ከወራት በኋላ ውጤቷን ስታቀርብ በሰው ፊት አመሰገነችኝ። ፈገግ አልሁላት እንጂ ደስ አላለኝም። እዚያ መድረክ ላይ መቆም የምፈልገው እኔ ነበርሁ።