ሲስተር አማረች እና የሀዋሳ መንገዳችን

አላመንኩም። አሁንም አላመንኩም።

ዛሬ ጠዋት የብስክሌት ጓደኛዬ ዮናስ ደውሎ «ሲስተር አማረች አረፈች» ሲለኝ «ቅዳሜ ልምምድ አለን እኮ!» ነበር መልሴ። ሰው መርዶ ሲሰማ እንዲህ ይላል? እኔ ግን አልኩ። ልቧ ነው አሉ፣ ድንገት።

ለማታውቋት ልንገራችሁ። ሲስተር አማረች የለቡ መብራት ኃይል ጎረቤታችን ናት። ነርስ ናት። ከቤቷ መካኒሳ አቦ አካባቢ ወዳለው ክሊኒኳ በብስክሌት ነበር የምትመላለሰው። ብስክሌት የለመደችው ደግሞ ሃምሳን ካለፈች በኋላ ነው። በዕድሜ እናቴ ትሆናለች፣ ግን «አንቱ ስትሉኝ ብስክሌቱ ይከብደኛል» ብላ ስለከለከለችን ሁላችንም አንቺ ነበር የምንላት። ዛሬም ትእዛዟን አልጥስም።

የታክሲ ረዳቶቹ መጀመሪያ መጀመሪያ ያሾፉባት ነበር። አንዱ በመስኮት ብቅ ብሎ «ሲስተር፣ በገመድ እንጎትትሽ?» ሲላት አንድ ቀን ሰምቻለሁ። «መጨናነቁ ጋ እንገናኛለን የኔ ልጅ!» አለችው። ተገናኙም። ታክሲው መኪና መሀል ተቀርቅሮ ቆሞ፣ እሷ ደወሏን እያቃጨለች በጎኑ አለፈችው። ተሳፋሪው በሙሉ አጨበጨበላት። የሷ ጎረቤት መሆኔ እንደዛን ቀን አኩርቶኝ አያውቅም።

የቅዳሜ ጠዋት የብስክሌት ቡድናችንን ያቋቋመችውም እሷ ናት። አንድ ሕግ ብቻ ነበራት፦ ከሁሉም ቀርፋፋው ከፊት ይሄዳል፣ ሌላው ከሱ ኋላ። እኔ የቢሮ ወንበር ያሰፋኝ ሰውዬ በመጀመሪያው ቀን የፉሪን ዳገት እያለከለክሁ ስወጣ ከፊት አስቀመጠችኝ። አፈርኩ። «ለምን ታዋርጂኛለሽ?» አልኳት።

«ፈጣኑ ከፊት ከሆነ መንገድ ለመንገድ ሰው ስንለቅም ነው የምንውለው» አለች። «አንተ ከፊት ከሆንክ ማን ይጠፋል? ንዳ ባክህ!»

ዳገቱን ስጨርስ ከኋላዬ «ጎበዝ!» ያለችኝ ድምፅ እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ክረምቱ ሲወጣ በብስክሌት ሀዋሳ ልንሄድ እያቀድን ነበር። ቤቷ በረንዳ ላይ የተቀቀለ ድንች በዳጣ እያቀረበችልን፣ አፋችን እየተቃጠለ እንከራከራለን። ዮናስ ሹፌር ስለሆነ መንገዱን በደንብ ያውቀዋል። «ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ መቂ፣ ከዛ ዝም ብሎ መንዳት ነው፣ ቶሎ እንገባለን» ይላል።

እሷ ድንቹን እየላጠች «እሺ፣ ሐይቁን መቼ ልናየው ነው?» ትለዋለች።

«የትኛውን ሐይቅ?»

«ሁሉንም!»

ከዛ በኋላ እቅዱ ሁሉ እንዳዲስ ተሠራ። ዝዋይ ዳር ማደር፣ ላንጋኖ መዋል፣ ሻላን ከላይ ሆኖ ማየት። የዲላ ልጅ ናት። ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ከመጣች ጀምሮ በዛ መንገድ ስትመላለስ ሐይቆቹን የምታውቃቸው በአውቶቡስ መስኮት ብቻ ነበር። ወይ ለቅሶ ልትደርስ ትቸኩላለች፣ ወይ ልጅ ታቅፋለች፣ ወይ ሥራ ልትገባ ትሮጣለች። «አንድ ጊዜ እንኳ ሹፌሩ እኔ ልሁንና ያሰኘኝ ቦታ ልቁም» ትለን ነበር። የፈለገችው ይህን ብቻ ነው። እሱም ሳይሆንላት ቀረ፣ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ዛሬ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተሰብስበን ዮናስ በቀስታ «በቃ፣ ጉዞው ይቅር» አለ። እሷ በሌለችበት ማን ልብ አለው?

ልጇ ቤቲ ግን ሰምታናለች። ቤቲ ተማሪ እያለች «ትምህርት ቤት በር ላይ በብስክሌት እንዳትመጪብኝ» ብላ እናቷን ታስጨንቅ የነበረች ልጅ ናት። ብስክሌት ነክታ አታውቅም። ዓይኗ አብጦ መጥታ ፊታችን ቆመች።

«ለምን ይቀራል?» አለች። «የእማዬን ብስክሌት እኔ እነዳዋለሁ።»

ዮናስ «መንዳት ትችያለሽ እንዴ?» አላት።

«አልችልም። ታስተምሩኛላችኋ! እሷስ ስትጀምር ትችል ነበር?»

ቁርጥ እናቷን። እኛም እዛው ድንኳን ውስጥ እያለቀስን ሳቅን። ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተን ሳቅን፣ ይቅር በሉን።

ሲስተርዬ፣ ስሚኝ። እንደ እኔ ዓይነቱን ሰውዬ ዳገት አስወጥተሽዋል። በሰፈራችን ሴት ልጅ በብስክሌት ስታልፍ ዞሮ የሚያያት ሰው እየጠፋ ነው፣ ያንቺ ሥራ ነው። ባንቺ ኮርቻለሁ። እንዲህ ብዬ በቁምሽ ብነግርሽ «ዝም ብለህ ንዳ» ትይኝ ነበር።

ሀዋሳ እንሄዳለን። አንቸኩልም፣ ዮናስም ልቸኩል ቢል አንለቀውም። በየሐይቁ ዳር እንወርዳለን፣ እስክንጠግብ ቁጭ ብለን እናይልሻለን።

ደህና ሁኚ፣ የኛ ኩራት። ሕግሽም አልተሻረም። እኔ ከእንግዲህ ሁለተኛ ነኝ፣ ከፊት የምትሄደው ልጅሽ ናት።