የኸጀሊ የሐሙስ ውሃ

ኸጀሊ አዳም ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ የዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ሕንፃ ጣሪያ ላይ እየወጣ የአሲድ ጭስ የሚወጣበትን ቱቦ በውሃ ሲያጥብ ኖረ። የዚያ አሲድ ጭስ ቱቦ ውስጥ ሲደርቅ ነጭ ጨው ይሆናል፤ ጨዉ ላይ መዶሻ ካረፈ ደግሞ ይፈነዳል።

የካርቱም ሙቀት ሳይበርድ የሕንፃው እድሳት ተጀመረና ውሃው ተቆረጠ። ተማሪዎቹ ግን እስካለፈው ሳምንት አሲዳቸውን ሲያፈሉ ነበር። ስድስት ሐሙስ ሳይታጠብ አለፈ። እሁድ ጠዋት የእድሳቱ ኃላፊ ኢንጂነር ሙንተሲር፣ "ዛሬ ቱቦው ተሰብሮ ይውረድ" አለ።

"ሳይታጠብ አይነካም!" አለ ኸጀሊ።

"አንተ ደሞ ማን ነህ? ጠርሙስ አጣቢ!"

"አዎ ነኝ። ያጠብኩትንም ያላጠብኩትንም አውቃለሁ።"

"ዞር በልልኝ! ከአሮጌው ዕቃ ጋር አንተንም አወጣሃለሁ።"

ረፋድ አራት ሰዓት ላይ የእድሳቱ ሠራተኞች የፉሉን ትሪ ከበቡ። ኢንጂነሩ እንደ ልማዱ መኪናው ውስጥ መስታወት ዘግቶ ብቻውን ይበላል። ኸጀሊም እድሳቱ ሲጀመር አሮጌ ወንበሩን ስለጣሉበት አኩርፎ ትሪያቸው ጋ ቀርቦ አያውቅም። ዛሬ ግን ቁጢጥ ብሎ ዳቦ ቆረሰ።

"ምን ተገኘ አጎቴ?" አለ ባለመዶሻው ኩኩ። "ተኮራርፈን አልነበር?"

"አሁንም ተኮራርፈናል። ዓይንህን ማየት አልፈልግም። ግን ከአንድ ትሪ በልቼ፣ ስትሞት ዝም ብዬ አላይህም።" የጨውን ነገር አንድ በአንድ ነገራቸው። ኩኩ መዶሻውን ከእግሩ ሥር ገፋ አደረገው።

ኢንጂነሩ ከመኪናው ወርዶ፣ "ተነሱ!" ሲል የተነሳ የለም።

"ይሄ ሽማግሌ ምን አቀመሳችሁ?"

"መዶሻው ይኸው፣ ኢንጂነር" አለ ኩኩ። "አንተ ጀምርልን።"

ኢንጂነሩ መዶሻውን አየ፤ አልተቀበለም። እየተሳደበ የውሃ ቦቴ አስጠራ። ኸጀሊ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቱቦውን አጠበ። ሰኞ ቱቦው ተሰባብሮ ወረደ፤ ኮሽ ያለ ነገር የለም።

"የታለ ፍንዳታህ?" ብሎ ጮኸ ኢንጂነሩ። "ውሸታም! አንድ ሙሉ ቀን በላህብኝ!"

ኸጀሊ የውሃውን ጎማ እየጠቀለለ፣ "ብታየውማ ኖሮ ቆመህ አትጠይቀኝም ነበር" አለ።

ማክሰኞ ዘበኛው በር ላይ አገደው፤ ኢንጂነሩ ስሙን ከመዝገብ አሰርዞታል። እሱ ግን አልሄደም፤ ግንቡን ተደግፎ ቆመ። አራት ሰዓት ሲሆን ኩኩና ጓደኞቹ ትሪውን ተሸክመው ከበሩ ወጡና እግሩ ሥር አስቀመጡት።

"ወንበሬስ?" አለ ኸጀሊ፣ ፊቱን ሳይፈታ።

"ማገዶ አድርገናታል" አለ ኩኩ። "መሬት ላይ ቁጭ በልና ብላ።"