በእጃችን የያዝነው ሣር

ባለፈው እሑድ ልጄ ኬና የግቢዬን በር ከፍቶ ሲገባ በእጁ ለምለም ሣር ይዞ ነበር። ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ባለችው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ማንጎ እየላጥኩ ነበር፤ ሣሩን ሳየው እጄ ቢላዋውን እንደያዘ ቀረ። በእኛ አገር ሰው ሣር ይዞ ከመጣ፣ ጠብ ካለ ይቅር ይባላል፣ ልመና ካለው ይሰማል። ባዶውን አይመለስም። ከልጄ ጋር ጠብ የለንም። ስለዚህ የሚለምነኝ ነገር የሚከብድ መሆኑን ሳይናገር ዐወቅሁ።

“ሃርሜ፣ ለክልሉ ምክር ቤት ተወዳደርልን ብለውኛል” አለኝ እናትነቴን በኦሮምኛው ጠርቶ። “ምርጫ ክልሉ ያንቺው አገር ነው፤ የአጎትሽ የኦቦ ገመቹ። መርቂኝ።”

ሣሩን ተቀበልኩት። አለመቀበል አይቻልም። ለምርቃቱ ግን አፌ አልታዘዘኝም፤ ማንጎውን አስቀምጬ “መጀመሪያ ተቀመጥ” አልኩት።

የተወለድኩት ወደ ኑኑ ቁምባ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ነው። አባቴ ኦቦ ፈይሳ የዚያን ምርጫ ክልል ታሪክ ሲያወራ የሚጀምረውም የሚጨርሰውም በወንዛችን ድልድይ ነበር። በጃንሆይ ጊዜ የመረጡት ባላባት ምልክቱ በሬ ነበር፤ ድልድይ አሠራለሁ ብሎ አዲስ አበባ ገባና በዚያው ቀለጠ። በደርግ ጊዜ ስብሰባ ተጠርተው፣ እጅ አውጥተው ድልድዩን በሙሉ ድምፅ አጸደቁት። “የተቃወመው ወንዙ ብቻ ነው” ይል ነበር አባቴ። ደርግ ወድቆ የምርጫ ኮሮጆ ሲመጣ ደግሞ የቀረበው ዕጩ አንድ ብቻ ሆነና እሱኑ መረጡት፤ እሱም የድልድዩን ነገር ሳያነሳ አልቀረም። ክረምት በገባ ቁጥር ግን ምጥ የያዛት ሴት ከወንዙ ወዲህ፣ ጤና ጣቢያው ከወንዙ ወዲያ እንደሆኑ ኖሩ።

በሚቀጥለው ምርጫ የእናቴ ወንድም ኦቦ ገመቹ በግሉ ተወዳደረ። የከተማችን ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር፤ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ጫማውን ጭቃ ሲነካው የሚናደድ ሰው። ነገሩን የነገረን እናቴ ጩምቦ ጋግራ፣ ቅቤና እርጎ አፍስሳበት ተሰብስበን ስንበላ ነው። ለምርጫ ወረቀቱ ምልክት ምረጥ ሲሉት የመረጠው ጭብጥ ለምለም ሣር ነበር። “ፊደል ያልቆጠረም ቢሆን ሣር ያውቃል” አለን። ሁላችንም በብልሃቱ ተደነቅን። አባቴ ብቻ ጩምቦውን እያላመጠ፣ “ሣር ከብትም ያውቀዋል” አለ። ሳቅንበት። ቀልድ መስሎን ነበር።

ምርጫው በግንቦት ነበር። ሌሊቱን ሲጥል ያደረ ዝናብ ቀዩን አፈር አቡክቶት፣ በቆሎው ገና ከመሬት ብቅ እያለ፣ መንገዱ ሁሉ የማንጎ ልጣጭ ይሸት ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የምመርጥበት ቀን ስለሆነ የእናቴን አዲስ ነጠላ ለብሻለሁ። ሣር ይዛችሁ ኑ ያለ ማንም አልነበረም፤ ይህን እስከ ዛሬ ብጠየቅ እምላለሁ። ግን አንድ ነገር ለመለመን የሚሄድ ሰው፣ ያውም ምልክቱ ሣር ለሆነ ሰው፣ እንዴት ባዶ እጁን ይሄዳል? መጀመሪያ ሴቶቹ ከደጃቸው ነጩ፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹ። የቤተ ክርስቲያናችን መጋቢ እንኳ የሣሩን ነገር የአሮጌ እምነት ርዝራዥ ነው ብሎ ሲሰብክ ከርሞ፣ የዚያን ቀን ጥቂት ዘለላ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ጋር ይዞ አየሁት። ዋናው መንገድ ላይ ስንወጣ ሣር ያልያዘ እጅ የለም። ወንዙን ያለ ድልድይ የተሻገርን መሰለኝ።

የምርጫ ጣቢያው ትምህርት ቤቱ ነበር። ከበሩ ፊት ለፊት ባለው ዋንዛ ሥር አንድ የቆዳ ጃኬት የለበሰ ሰው ወንበር አስወጥቶ ተቀምጧል። ፖሊስ አይደለም፣ ታዛቢም አይደለም። ወረቀትና እስክሪብቶም አልያዘም። መጀመሪያ እጃችንን ያያል፣ ቀጥሎ ፊታችንን ያያል። ሌላ ሥራ አልነበረውም።

ጋሽ ከድር ከጉራጌ አገር መጥቶ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ሱቅ የከፈተ ጎረቤታችን ነው። ደጁን የሚጠርግ መስሎ ወደ አባቴ ጠጋ አለና፣ ቀና ሳይል፣ “ኦቦ ፈይሳ፣ ድምፅ ምስጢር ነው አልተባለም እንዴ?” አለው። “እናንተ እኮ በእጃችሁ ይዛችሁት መጣችሁ።”

አባቴ እጁን አየ። ከኋላው ያሉት የእሱን አይተው የየራሳቸውን አዩ። እኔ “አባዬ፣ እንጣለው” አልኩት በሹክሹክታ።

“ለልመና የተያዘ ሣር መንገድ ላይ አይጣልም” አለኝ፤ ድምፁን ግን ዝቅ አላደረገም። “የሚቀመጠው የሄድንበት ደጃፍ ላይ ነው።”

ማንም አልጣለም። አንድ በአንድ በሰውየው ፊት አለፍን። እኔ ስደርስ ፈገግ ብሎ “ነጋዳ?” አለኝ፤ ሰላም ነሽ ማለቱ ነው። “ነጋ” አልኩት። ሣሬን ደጃፉ ላይ አስቀምጬ ገባሁና፣ ከመጋረጃው ጀርባ ወረቀቴን ማንም እንዳያይ ስሸሽግ ሳቄ መጣ። የምሸሽገውን ነገር ውጭ ትቼው ነበር የገባሁት።

ሲመሽ የሣሩ ክምር ጉልበት ያልፍ ነበር። በማግስቱ ውጤቱ በር ላይ ሲለጠፍ አጎቴ ያገኘው ድምፅ የገዛ ዘመዶቹን እንኳ አያህልም። አንዱ ጮክ ብሎ አነበበና ሁላችንም ከወረቀቱ ወደ ክምሩ ዞርን። ከሰዓት በኋላ ዘበኛው ሣሩን እንዲያቃጥል ታዘዘ። እርጥብ ሣር ደግሞ አይነድም፣ ይጨሳል፤ ልጆቹ በክፍላቸው ውስጥ ሲያስሉ ዋሉ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ማዳበሪያ ሲታደል አባቴና መሰሎቹ ተራቸው ደርሶ፣ “እናንተ ሣር አላችሁ” ተብለው ተመለሱ። አንድ የገበያ ቀን ሁለት ትሑት ወጣቶች ወደ አጎቴ ክፍል መጥተው ለጥቂት ጥያቄ እንደሚፈለግ ነገሩት። የጠመኔውን ብናኝ ከእጁ አራግፎ፣ ለተማሪዎቹ “መጣሁ” ብሎ፣ ገበያውን አቋርጦ ሰላምታ እየሰጠ አብሯቸው ሄደ። እናቴ እስከ ነቀምቴ ድረስ ያልረገጠችው ቢሮ አልነበረም። ሁሉም “እዚህ አልመጣም” አሏት። አልተመለሰም፤ መቃብሩንም አናውቅም።

በመጨረሻ አባቴ ስለ አጎቴ ሊለምን ሣር ይዞ ከአንድ ባለሥልጣን ደጅ ቆመ። ያገራችን ሰው ነው፣ ቋንቋችንን የሚናገር፣ የሣሩን ትርጉም የሚያውቅ። አባቴ ሣሩን እግሩ ሥር አኖረው። ሰውየው ተሻገረውና መኪናው ውስጥ ገባ። አባቴ ይህን ከነገረን ወዲያ ስለ ምርጫም ስለ ድልድይም ሲቀልድ ሰምቼው አላውቅም።

ድልድዩ ከብዙ ዓመት በኋላ ተሠራ። አሁን ኬላ ቆሞበታል፤ ቀኑ ከዘቀዘቀ ደፍሮ የሚሻገረው የለም።

ይህን ሁሉ ለኬና ነገርኩት። ከዚህ በፊት የአጎቴን ስም እንጂ ታሪኩን አላወራሁለትም ነበር። ጨርሶ ሰማኝ፤ ሐሳቡን የቀየረ ግን አልመሰለኝም። መረቅሁት። ሣር ይዞ የመጣን ልጅ ምን ይሉታል? “አንድ ነገር ብቻ ቃል ግባልኝ” አልኩት፤ “ሰዉ ባዶ እጁን ይምጣ።”

ስልኩን አውጥቶ የደጋፊዎቹን ግሩፕ አሳየኝ። መነጽሬን አድርጌ አየሁ። በየሰዉ ስም አጠገብ፣ ፎቶው መሆን የሚገባው ቦታ ላይ፣ ለምለም ሣር ነበር። የእህቴ ልጆች፣ ያስተማርኳቸው ልጆች፣ የጋሽ ከድር የልጅ ልጅ፤ ስማቸው ከነአባታቸው።

“እኔ አላልኳቸውም፣ ሃርሜ” አለኝ። “ራሳቸው ናቸው።”

ያመጣልኝ ሣር በረንዳው ላይ፣ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አለ። ጫፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል፤ መጣል ግን አልችልም። ደጋግሜ የማስበው ያንን ባለ ጃኬት ሰውዬ ነው። ያን ጊዜ ዋንዛው ሥር ነበር፣ እናየው ነበር፣ ሰላምም ብሎናል። አሁን የት እንደተቀመጠ አላውቅም።