ቦራ አልጣለኝም

ባለፈው ሳምንት የቤታችንን የውስጥ በሮች ለመቀየር አናጢ አስመጣን። ቡራዩ ያለውን ይህን ቤት የሠራው አባቴ ነው። በሮቹም እንደኔው አርጅተዋል፤ ሲከፈቱ ያቃስታሉ። አናጢው ጎበዝ ወጣት ነው፣ ምላሱ ግን ከእጁ ይፈጥናል። የመኝታ ቤቱን በር ነቅሎ ግድግዳ ካስደገፈው በኋላ ራቅ ብሎ አየውና፣

«ጋሼ፣ የዚህ በር ቀለም መሐል መሐሉን ምን አላጠው? ሰው የተኛበት ይመስላል እኮ» አለኝ።

«ሰው ተኝቶበት ነው» አልኩት።

የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ባለቤቴ ከጓዳ፣ «በል እንግዲህ አስጀመርከው! የዛሬ ሥራ እዚሁ ላይ አበቃ» ስትል ሰማኋት። እውነቷን ነው፤ ከዚያ ወዲያ መዶሻ ያነሣ የለም።

በዚያ በር ላይ ሁለት ወር ከአሥራ አምስት ቀን በጀርባዬ ተኝቻለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ስማር ቶላ የሚባል የሱሉልታ ልጅ ጓደኛ ነበረኝ። ቶላ ዝምተኛ ነው፤ ሰው ሁሉ ሲያወራ እሱ ጫማውን ያያል። አባቱ ኦቦ ደበላ ደግሞ በአካባቢው የታወቀ ፈረስ ነበራቸው። ፈረሱ ዳማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ ይሉታል። በጥምቀትና በሠርግ ቀን ኦቦ ደበላ ቦራን አስጊጠው ብቅ ሲሉ ሰው መንገድ ይለቅላቸዋል። እኔ የሱቅ ልጅ ነኝ፤ የማውቀው ሳሙናና ስኳር ነው። ፈረሱን ያየሁ ዕለት ግን ልቤ እዚያው ቀረ። ቶላን ነጋ ጠባ ስለምነው ከረምኩና በመስቀል ሰሞን ወሰደኝ።

የሱሉልታ ሜዳ በመስቀል ሰሞን እንዴት ያለ ነው መሰላችሁ! አረንጓዴው ላይ ቢጫ ተበትኖበት፣ አየሩ ወተት ወተት እየሸተተ፣ ብርዱ ደግሞ ጆሮ ይቆርጣል። ኦቦ ደበላ ልጓሙን ሲያስጨብጡኝ አንድ ነገር ብቻ ነው የነገሩኝ።

«ሜዳው ላይ እንደልብህ ሁን። ቦዩን ግን እንዳትሻገር። አፈሩ ውሃ ጠጥቷል፣ ያንሸራትታል።»

«እሺ» አልኩ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

መጀመሪያ ላይ ጨዋ ነበርኩ። ሶምሶማ፣ ከዚያ ትንሽ ግልቢያ፣ ከዚያ እንደ ባላባት ደረቴን መንፋት። ከቦዩ ማዶ ሁለት ልጃገረዶች የወተት ማሰሮአቸውን አስቀምጠው ወተት ሰብሳቢውን መኪና ይጠብቃሉ። አዩኝና ሳቁ። አሁን ሳስበው በአቀማመጤ ነው የሳቁት። ያኔ ግን አድናቆት መሰለኝና ቦዩን ዘልዬ አጠገባቸው ልቆም ወሰንኩ። ቦራን ወደ ቦዩ ነዳሁት፣ ቆመ። ዞሬ እንደገና ነዳሁት፣ እንደገና ቆመ። ልጆቹ በጣም ሳቁ። በሦስተኛው አለንጋውን አንሥቼ ሸነቆጥኩት። ቦራ ሽምጥ ጋልቦ መጣና ቦዩ አፍ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። እኔ አልቆምኩም።

ቦዩንማ ተሻገርኩት፣ ብቻዬን። ማዶ ያለች ድንጋይ ወገቤን ተቀበለችኝ፣ ቦራም ከወዲያ ሆኖ አዘነልኝ። ልጃገረዶቹ ሳቃቸው ወደ ኡኡታ ተለወጠ፣ ቶላ እየሮጠ መጣ፣ እነሱ ሲጠብቁት የነበረው የወተት መኪናም እኔን ጭኖ አዲስ አበባ ገባ። ሆስፒታል ስደርስ ልብሴ የረጋ ወተት ይሸት ነበር። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ወደ ብርሃን ይዞ ብዙ አየና፣ ከአከርካሪዬ አጥንቶች አንዱ ተሰንጥቋል፣ ነርቩ ግን የተረፈ ይመስላል አለ። «ጠንካራ ነገር ላይ በጀርባው ይተኛ። ማንም እንዳያሸው፣ ማንም እንዳያነሣው። መራመዱን ከዚያ በኋላ እናያለን» ብሎ ወደ ቤት ላከኝ።

እናያለን የምትለዋ ቃል እናቴን ገደለቻት። የኔ አልጋ ደግሞ የሽቦ ነው፣ መሐሉ ይሰምጣል። አባቴ ቆሞ አሰበ፣ መፍቻ ይዞ መጣ፣ የመኝታ ቤቱን በር ነቀለና አልጋው ላይ አጋደመው። እናቴ ስስ ብርድ ልብስ አነጠፈችበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሌ በር አልነበረውም። ሳሎን የገባ ሁሉ እኔን ያያል፣ እኔም ጣሪያውንና የገባውን ሁሉ አያለሁ።

ጠያቂው ደግሞ ምኑ ያልቃል! የዕድር ሰው፣ የሰንበቴ ሰው፣ የአባቴ ደንበኛ፣ የደንበኛው ጎረቤት። አንዱ ብርቱካን፣ አንዱ ለስላሳ፣ አንዱ ዳቦ ይዞ ይመጣል። አክስቴ ከሰበታ የአጥሚት እህል ተሸክማ መጣችና እዚያው ከረመች። ወጌሻ ይምጣ እያለች አባቴን ነዘነዘችው፣ እሱም በሐኪሙ ቃል ጸና። ጠያቂ በመጣ ቁጥር እናቴ፣ «እስቲ የእግርህን ጣት አንቀሳቅስላቸው» ትላለች። አንቀሳቅሳለሁ። «እሰይ! እግዜር ይመስገን!» ይባላል፣ አክስቴ እልል ትላለች። በቀን አሥር ጊዜ ለአውራ ጣቴ እልል ሲባልለት እኔ አፈርኩ፣ እናቴ ግን አልደከማትም። ሰው ከሄደ በኋላም ቀስ ብላ መጥታ፣ «እስቲ አንዴ ለኔ ብቻ» ትለኛለች።

ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፦ «እንዴት ሆነህ ነው?» በኛ አገር የታመመ ሰው የደረሰበትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማውራት አለበት፣ አዲስ ሰው ሲገባ ደግሞ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። በመጀመሪያው ቀን ለአባቴ «ፈረሱ ደነበረ» አልኩት። ሦስት ቃል እንኳ አይሞላም። የተከለከልኩትን ቦይ ለልጃገረዶች ብዬ ልዘል ስል ወደቅኩ እንዴት ይባላል? ውሸቱ ግን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። በሁለተኛው ሳምንት ቦራ ልጓሙን በጥሷል። በሦስተኛው በሁለት እግሩ ቆሟል። ጠያቂውም ያግዘኛል፤ «ክፉ ፈረስ ዓይኑ ያስታውቃል» ይላል አንዱ፤ አክስቴ፣ «ሰይጣን ያደረበት ነው፣ እኔ ገና ስሰማ አውቄዋለሁ» ትላለች። አባቴም ሱቁ ላይ ቆሞ እኔ ከነገርኩት ላይ ጨምሮ ያወራል። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ቶላ በየእሑዱ ከሱሉልታ እርጎ ይዞ ይመጣል። አንድ እሑድ የዕድሩ ዳኛ ባሉበት ስለ ቦራ በሁለት እግር መቆም እያወራሁ ሳለ ገባ። ጨርሼ ቀና ስል ጫማውን እያየ ነው። እርጎውን ለእናቴ ሰጣት፣ «እግዜር ይማርህ» አለኝና ወጣ። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም። ከዚያም በኋላ አልመጣም። እርጎው ናፈቀኝ ብዬ ለእናቴ ነገርኳት፣ የናፈቀኝ ግን እሱ ነበር።

ኅዳር ላይ አንድ ሐሙስ ጠዋት ደጃፉ ተንኳኳ። እናቴ ከፈተችና ወደ ኋላ አፈገፈገች። ኦቦ ደበላ ናቸው፣ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰዋል፣ በሁለት እጃቸው ደግሞ እርጥብ ሣር ይዘዋል። እዚህ አካባቢ የኖረ ሰው ሣሩን ሲያይ ነገሩ ይገባዋል። በኦሮሞ ወግ እርጥብ ሣር ይዞ ደጅ የቆመ ይቅርታ ሊጠይቅ ነው የመጣው፣ እሱን መግፋት ነውር ነው።

«አካም ጅርቱ» አሉ ኦቦ ደበላ።

«ፈያ፣ ፈያ፣ ይግቡ ኦቦ፣ ኧረ ይግቡ» አለ አባቴ ወንበር እየሳበ። ኦቦ ደበላ አልተቀመጡም። በር በሌለው መቃን በኩል አዩኝ፣ መጥተው እግርጌዬ ቆሙ።

«ኢልመኮ፣ ልጄ፣ ፈረሴ ጎድቶሃል» አሉ። «ያደረገውን ሰማሁ። ሱሉልታ ድረስ ተወርቷል። ስምንት ዓመት ሳሳድገው እንዲህ ያለ ጠባይ አላየሁበትም፤ ግን ሰው የጣለ ፈረስ ደጄ ላይ አላቆምም። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ገበያ አወጣዋለሁ፣ ጋሪ ይጎትት። እናንተም ይቅር በሉኝ።»

ድምፃቸው ጋሪ የምትለዋ ላይ ተሰበረ። ጋሪ የሚጎትት ፈረስ አይታችሁ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ጀርባው ቁስል፣ ጎኑ አጥንት ነው። ቦራ፣ ያ በጥምቀት ሰው መንገድ የሚለቅለት ፈረስ!

«ቶላ ምን አለ?» አልኩ።

«ቶላማ ምን ይላል? ብጠይቀው ዝም አለኝ። ለፈረሱ አፍሮ ነው ብዬ ተውኩት።»

በዚያች ሰዓት በሩ ከሥሬ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። ዞሬ ግድግዳውን ልይ ብል እንኳ ወገቤ አይዞርም። እናቴ አለች፣ አባቴ አለ፣ አክስቴ የአጥሚቱን ኩባያ እንደያዘች ቆማለች። ጣሪያውን እያየሁ፣

«ኦቦ ደበላ፣ ቦራ አልጣለኝም» አልኩ።

«ምን?» አለች እናቴ።

«እርስዎ አትሻገር ያሉኝን ቦይ ልዘል ነበር። እምቢ አለ። ሦስት ጊዜ እምቢ አለ። በሦስተኛው መታሁት። እሱ ቆመ፣ እኔ ነኝ ትቼው የሄድኩት። አልደነበረም፣ ልጓም አልበጠሰም፣ በሁለት እግሩ አልቆመም። የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ።» ከዚህ በኋላ ልቅሶ መጣ። ተጋድሞ ማልቀስ ደግሞ መከራ ነው፣ እንባው ጆሮ ውስጥ ይገባል።

አክስቴ አማተበች። አባቴ መሬት መሬት ያያል። ኦቦ ደበላ ጎንበስ አሉብኝ።

«ቦዩ ጋ ቆመ?»

«ቆመ።»

«ሦስት ጊዜ?»

«ሦስት ጊዜ።»

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው በኦሮምኛ ነገሯቸው። መጀመሪያ ጋቢያቸው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሳቃቸው ወጣ። ሽማግሌዎቹም አብረው ሳቁ። «አየህ» አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ቦዩን እንዳትሻገር ስልህ ለካ እሱ እየሰማኝ ነበር!»

እናቴ ግን አልሳቀችም። «ያን ሁሉ ሰው! ያን ሁሉ እልልታ!» አለችኝ። ይልቅ ኦቦ ደበላን ምሳ ሳይበሉ አይሄዱም ብላ ያዘቻቸው፣ እሳቸውም በልተው መርቀውን ተነሡ። ሲወጡ ሣሩን መልሰው ያዙት። «ይሄ የኔ አልነበረም» አሉ። «ስትነሣ አንተ ይዘህ ና።»

«ለእርስዎ?»

«ለኔማ አሁን ጠየቅከኝ፣ ይቅር ብያለሁ። ለእሱ ነው እንጂ።»

እግሬን ያቆመው ሐኪሙ ይሁን አጥሚቱ ይሁን እሳቸው ያሉኝ ይሁን አላውቅም። ታኅሣሥ ላይ የወገብ ቀበቶ ታጥቄ በአባቴና በእናቴ መሐል ቆምኩ። ከአልጋዬ እስከ ሳሎን፣ ከሳሎን እስከ ደጅ፣ ከደጅ እስከ ሱቅ። ጠያቂ ሲመጣም ታሪኩን ከአንድ ጀምሬ አወራሁ፣ እውነተኛውን። ጣቴን ሳንቀሳቅስ እልል ሲሉልኝ የነበሩት በዚህኛው ተንከትክተው ሳቁብኝ። ይሁን። አባቴ በሩን መልሶ ገጠመው።

ጥር ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። በጥር እርጥብ ሣር ከየት ይገኛል? አገሩ ሁሉ ቢጫ ነው። አባቴ ሱቁን ዘጋና ገፈርሳ ግድቡ ዳር ይዞኝ ሄደ። እኔ ጎንበስ ማለት አልችልም፤ እሱ ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃ ውስጥ ገባና በወጥ ቤት ቢላ ማጨድ ጀመረ። «ተወው እኔ ሰው እፈልጋለሁ» ስለው፣ «ያንን ወሬ ሱቅ ላይ ለስንቱ አውርቻለሁ! ድርሻዬን ልጨድ» አለኝ።

ሣሩን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ፣ በሚኒባስ አዲስ አበባ ገብቼ፣ በሌላ ሚኒባስ በእንጦጦ በኩል ወደ ሱሉልታ ወጣሁ። «ሣሩ የማነው?» አለ ረዳቱ። «የፈረስ ነው» ስለው፣ «ፈረሱን ቤት ትተህ አንተ በታክሲ?» ብሎ መኪናውን በሳቅ ሞላው። መንገዱ ሲያነጥረን ወገቤ ዋይ ይላል፣ እኔ ሣሩን አቅፌያለሁ። መምጣቴን አስቀድሜ ልኬበት ቶላ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። አካሄዴን ከላይ እስከ ታች አየና፣ «እንደ ዳክዬ ነው የምትሄደው» አለኝ። ከዚያ ጆንያውን ተቀበለኝ፣ በዚያው ታረቅን።

ኦቦ ደበላ ቦራን ከበረት አውጥተው አቆሙት፣ ራሳቸውም በሽማግሌ ወግ ጎኑ ቆሙ። ሣሩን በሁለት እጄ ያዝኩ። ለፈረስ ምን ይባላል? «ቦራ፣ ይቅር በለኝ፣ ስምህን አጥፍቻለሁ» አልኩት። ቦራ አየኝ፣ አሸተተኝ፣ ከዚያ ያንን አባቴ ጭቃ ገብቶ ያጨደውን ሣር አንድ ሳያስቀር በላው፤ አልበቃ ብሎት የኮቴን እጅጌ ማኘክ ጀመረ።

«በላው» አሉ ኦቦ ደበላ። «ጨርሰሃል፣ ታርቀሃል።» እኔም አንገቱን አቅፌ አለቀስኩ፤ ቆሜ ስለነበር በዚህኛው እንባው ጆሮዬ አልገባም። ቦራም ጋሪ ሳይጎትት እዚያው በረት አረጀ።

አናጢው ይህን ሁሉ ቁጭ ብሎ ሰማና፣ «ታዲያ በሩን ምን ላድርገው ጋሼ?» አለኝ። ቀለሙን ሳትነካ መልሰህ ግጠመው አልኩት። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ አለች። ይህን ወሬ ለሠላሳ ዓመት ሰምታዋለች፣ አንድም ነገር አታሳልፍልኝም።

«ዱሮ ፈረሱ ቆመ ብቻ ነበር የምትለው» አለች። «ዓምና አስቀድሞ ራሱን ነቀነቀልኝ አልክ። ዛሬ ደግሞ ስወድቅ አዘነልኝ አልከው ለልጁ። ቆይ፣ ለከርሞ ሊናገር ነው?»

ይናገር። እኔ በሰው ሁሉ ፊት ስሙን ሳጠፋ፣ ለእሱ የተናገረለት አልነበረም።